መንገድ ያለ ምክንያት አይታጠፍም

በሰባተኛው መንገድ ላይ ታክሲ ተሳፍሮ ከዚህ ሰውዬ አጠገብ ያልተቀመጠ ካለ፣ ያ ሰው ወይ የራሱ መኪና አለው ወይ ገና አልተወለደም። ከአንታናናሪቮ ተነስቶ ደሴታችንን እያቋረጠ ቱሌያር ባሕር ድረስ በሚወርደው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ለየሚኒባሱ አንድ አንድ ታድሏል። መስኮት ዳር ይቀመጣል። ሹፌሩ ሞተር ሳያስነሳ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ የግል ወሬ የለም። መንገዱ ብቻ ነው ያለው፣ ከነታሪኩ።

እናንተስ ስትወርዱ ትገላገሉታላችሁ። እኔ ግን ይዤው ቤት እገባለሁ፤ አጎቴ ናቸው፣ በእኛ አፍ ዳዳቶዋ። ክቡር ዳዳቶዋ ራላይቫኦ፣ የሰባተኛው መንገድ ሊቀ ሊቃውንት፣ የኪሎሜትር ድንጋዮች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የጠመዝማዛው ሁሉ ነፍስ አባት።

ይሄን ሁሉ ማዕረግ ስሰጣቸው መሐንዲስ ናቸው ብላችሁ እንዳታስቡ። ሹፌርም አይደሉም። ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው አንትሲራቤ መናኸሪያ በር ላይ ነው ያለችው። ሹፌር ሱሪው ሲቀደድበት እሳቸው ጋ ይመጣል፣ እስኪሰፋለት ድረስ ፎጣ አገልድሞ በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል፣ እሳቸውም ያናዝዙታል። የቱ ድልድይ ተናጋ? የቱ ዳገት አስፋልቱ ተበላ? ሱሪ የሌለው ሰው የት ይሄዳል? ይናገራላ። እሳቸው ራሳቸው ከአምባላቫኦ ወዲያ አልፈው አያውቁም። ባሕሩን በዓይናቸው አላዩትም። ግን የቱሌያርን መግቢያ እዚያ ለተወለደ ሰው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ሰውዬው እሺ እሺ ይል ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያፈርኩት።

ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው "መንገድ ያለ ምክንያት አይታጠፍም" ነው። ሁለተኛው "ጠይቀኝ እንጂ" ነው። ማን ይጠይቃቸዋል? ማንም። እሳቸውም አይጠብቁም፤ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ።

የሚጀምሩት ከጥንት ነው። ነገሥታቱ መንገድ አልፈለጉም፣ ጫካውና ወባው ከጠላት ይጠብቀናል ብለው ነው፣ ትልቅ ሰው በሰው ትከሻ ነበር የሚሄደው ይሏችኋል። ከዚያ ፈረንሳይ ይመጣል። አያቶቻችን በግድ እየተያዙ በአካፋና በቅርጫት ተራራ ያፈርሳሉ። እዚህ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ኮፍያቸውንም ያወልቃሉ። ከዚያ አስፋልቱ ቁራጭ በቁራጭ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ አንዱ መንግሥት ይጀምረዋል፣ ሌላው ይረሳዋል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ጉዱ ያለው መታጠፊያዎቹ ላይ ነው። ከአምባቶላምፒ በታች ያለችው አንዲት መታጠፊያ ሰኞ ስናልፍ መሐንዲሱን የወጋ በሬ ነበር ያጠመማት። ሐሙስ ስናልፍ የመሐንዲሱ ውሽማ ቤት ሆነ። ሰኞ በሬ ነበር እኮ ብላቸው "እሱ ሌላኛው ነው" አሉኝና ቀጠሉ።

አንድ ጊዜ ከአስከሬን ጋር ተሳፈርን። ሟቹን ወደ አገሩ መቃብር ሊወስዱት በጨርቅ ጠቅልለው ጣሪያው ላይ አስረውታል፣ ሚስቱ አጠገባችን ታለቅሳለች። ዳዳቶዋ ደሞ ለእሷ ድልድዩን ያስረዳሉ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ባሌ እኮ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ ሹፌር ነበር አለቻቸው። እኔ አሁንስ ዝም ይላሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

"ነድቶት ይሆናላ" አሉ፤ "ማወቅና መንዳት ይለያያል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አስፋልት ነው፣ አይከፈትም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። በእኛ ዘንድ መቃብር በተዘረጋ ጣት አይጠቆምም፤ ነውር ነው፣ ሙታንን መድፈር ነው። ጣትህን አጥፈህ በመገጣጠሚያው ነው የምታሳየው። የዳዳቶዋ የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ደሞ አይታጠፍም፣ የስፌት መርፌ አድርቆታል። ስለዚህ መቃብር ባለፍን ቁጥር እጃቸውን ላምባቸው ውስጥ፣ ያቺ ትከሻቸው ላይ የሚጥሏት ጨርቅ ውስጥ ይከቱና በአገጫቸው ይጠቁማሉ። ለእኔም ከልጅነቴ ጀምሮ "ጣትህን እጠፍ!" እያሉ አሳደጉኝ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። እኔ ከቆርቆሮ ጣሳ ትንንሽ ታክሲዎች ሠርቼ ለቱሪስት እሸጣለሁ። ቮላቲያና የምትባል ልጅ ወደድኩ። አገሯ ከአምቦሲትራ በስተደቡብ ነው፣ ሰባተኛው መንገድ ኮረብታ ዞሮ የሚያልፋት መንደር። ልጅ ስትጠየቅ ሙሽራው አይናገርም፣ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። የሚናገር ሌላ ነው፤ ነገር አዋቂ ሰው ይቆምና በምሳሌ፣ በይቅርታ፣ በለሰለሰ አፍ ይለምናል። የልጅቷም ወገን የራሳቸውን ተናጋሪ ያቆማሉ። ስህተት ከተገኘ ይቀጣሉ፣ ከባሰም ልጅ የለንም፣ በሌላ ዓመት ተመለሱ ይላሉ። ሌላ ዓመት ማለት ለእኔ መሞት ነበር።

የቀጠርነው ተናጋሪ በዋዜማው ድምፁ ተዘጋ። ዳዳቶዋ ወዲያው እጃቸውን አወጡ። እናቴ አልቅሳ ለመነቻቸው። ስለ መንገድ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ በአያቶቻችን ስም አስማለቻቸው። ማሉ።

ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። የቮላቲያና አያት፣ ዳዳቤ ሶሎ ናቸው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ራስጌ ተቀምጠዋል። ዳዳቶዋ ተነሱና እንደ ወጉ በይቅርታ ጀመሩ። ታላላቆች ባሉበት የምናገር ታናሽ ነኝ አሉ። በጣም ጥሩ። እኔ ዛፍ አይደለሁም፣ የዛፍ ቅርፊት ነኝ አሉ። በጣም ጥሩ። ፍሬን የሌለኝ አሮጌ መኪና ነኝ አሉ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። መኪና ካለ መንገድ አለ።

ከአንታናናሪቮ ተነስተው በየከተማው እያቆሙ ወረዱ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዛጋ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ቮላቲያና በበሩ ስንጥቅ ስታየኝ ዓይኔን የት ላድርገው? በመጨረሻ እዚያው መንደር ደረሱና ድምፃቸው ተለወጠ።

"ፈረንሳዩ ተራራ ቆርጧል፣ ወንዝ ረግጧል" አሉ። "ያልታጠፈለት አልነበረም። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን የእናንተ ሙታን እዚያ ኮረብታ ላይ ነበሩ፣ የእናንተ አያቶች ፊታቸው ተቀምጠው አንነሳም አሉ። እሱ ነው የታጠፈው! መንገድ ያለ ምክንያት አይታጠፍም!"

እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ ግን ፀጉሬ ቆመ። አዛውንቶቹም ቀና አሉ። በቃ፣ ተሳካ ብዬ ነበር። ያኔ ዳዳቶዋ በወኔ ቀኝ እጃቸውን ከላምባው አወጡና በክፍቱ መስኮት ወደ ኮረብታው ጠቆሙ። በዚያች ጣት። ቀጥ አድርገው። መቃብሩን።

የእነሱ ተናጋሪ የቮላቲያና አጎት ነው፣ ቀጭን ምላሰኛ ሰው። ቀስ ብሎ ተነሳ።

"መንገዱ ለአባቶቻችን ታጠፈ" አለ፤ "ያንተ ጣት ከመንገድ ይደነድናል?"

ዳዳቶዋ ጣታቸውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን እንደ ሌባ ደበቁ። እኚህ ሰው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

ዳዳቤ ሶሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ይሄ ሰው የተቀጠረ ነው ወይስ የቤታችሁ? እንዲህ የሚጠየቀው በከንቱ አይደለም። የተቀጠረ አፍ ሲያጠፋ ጥፋቱ ለራሱ ነው፤ ያባርሩታል፣ ልመናው ይቀጥላል። የቤት ሰው ካጠፋ ግን ዘር ማንዘሩ ያፍራል። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። አክስቴ ታስላለች።

"የተቀጠርኩ ነኝ" አሉ ዳዳቶዋ። "አያውቁኝም። ልጁንም ዛሬ ነው ያየሁት።" ይሄን ብለው ኮፍያቸውን አነሱና ወደ በሩ ሄዱ።

ልጁ እኔ ነኝ። ስለ እሳቸው ስንት ጊዜ እንዳፈርኩ ነግሬያችኋለሁ አይደል? ያ ሁሉ ሀፍረት ተደምሮ የዚያችን ደቂቃ አያክልም። ሙሽራ አይናገርም። ተነሳሁ።

"አጎቴ ናቸው" አልኩ። "ያሳደጉኝ ናቸው። ጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም የማይታጠፈው። የትምህርት ቤት ቁምጣዬን ሲሰፉ ነው መርፌው የገባበት። ትምህርቱን እኔ ተውኩት፣ ጣቱ ግን እንደዛው ቀረ።"

ከአፍ የወጣ አይመለስም። ድምፄ እንደ ኩታራ ልጅ ተሰነጠቀ። አንዲት ሴት ሳቀች መሰለኝ።

ዳዳቤ ሶሎ ዳዳቶዋን በዘንጋቸው ጠሯቸው። ጣቱን ያዙት፣ ሊያጥፉት ሞከሩ። ያዝ ያዝ አድርገው እንደገና ሞከሩ። ዳዳቶዋ ሕመሙን ዋጥ አደረጉት።

"አይታጠፍም" አሉ ሽማግሌው ለቤቱ። "ሙታኖቻችን ጣት የሚያዩ ከሆነ ልብም ያያሉ። እንግዶቹ ልጅቷን ወስደናታል ይበሉ። ለተናጋሪው ግን ቅጣት አለ፦ አምቦሲትራ እስክትገቡ ድረስ ትንፍሽ እንዳይል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳዳቶዋ ግን አልሳቁም።

ስንመለስ ቮላቲያና አጠገቤ ናት፣ ዳዳቶዋ መስኮት ዳር፣ እጃቸው ላምባው ውስጥ። አምቦሲትራ ደረስን፣ እንጨት ጠራቢዎቹን አለፍን። ቅጣቱ አለቀ። እሳቸው ዝም። ሹፌሩ ያውቃቸዋል፣ በመስታወት አያቸውና ሙዚቃውን ዝቅ አደረገ፣ ሽማግሌው አሟቸዋል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ድልድይ አለፍን። ዝም። መታጠፊያ መጣ፣ ያውም ከእሳቸው ምርጦች አንዱ። ዝም። ቮላቲያና በክርኗ ጎሸመችኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ጠይቀኝ እንጂ፣ ጠይቀኝ እንጂ ሲሉኝ አደግሁ። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

"ዳዳቶዋ" አልኩ፤ "ይሄ መንገድ እዚህ ጋ ለምንድነው የሚታጠፈው?"

እያሾፍኩ እንደሆነ ለማየት ፊቴን መረመሩ። ወደ ውጭ አዩ፣ መቃብር እንደሌለ አረጋገጡ። ከዚያ ያቺን ደረቅ ጣታቸውን ከላምባው ቀስ አድርገው አወጧት።

ቤት እስክንደርስ ማንም አልተኛም።