ክላሲኩ ምላጭና የማሙሽ ጢም

(ጠዋት፤ የጋሼ ቤት ሳሎን። ማሙሽ መስታወት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የልጅነት ስሙ ግን እስካሁን አልለቀቀውም። አንገቱ ላይ ፎጣ ተጠምጥሟል፤ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። አጎቱ ጋሼ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ የድሮ ምላጭ ይዘው ከአጠገቡ ቆመዋል።)

ጋሼ፦ ሴንጢ አይደለም አልኩህ!

ማሙሽ፦ ይታጠፋል እኮ ጋሼ።

ጋሼ፦ ጃንጥላም ይታጠፋል! ጃንጥላ ሴንጢ ነው?

ማሙሽ፦ ጃንጥላ አይቆርጥም።

ጋሼ፦ መጋዝስ ይቆርጥ የለ? በመጋዝ ልላጭህ? ስማ፣ ይኼ ምላጭ ነው። ምላጭ ብቻም አይደለም፤ ክላሲክ ነው!

ማሙሽ፦ ክላሲክ ማለት... ያረጀ ማለት ነው?

ጋሼ፦ ያረጀ ሁሉ ክላሲክ አይደለም!

ማሙሽ፦ ጃኬትዎስ?

ጋሼ፦ ጃኬቴ ያረጀ ነው።

ማሙሽ፦ ያ ሬዲዮስ?

ጋሼ፦ እሱ ትንሽ ነው የቀረው። ድምፅ ቢኖረው ክላሲክ ነበር።

ማሙሽ፦ አክስቴስ?

ጋሼ፦ (ወደ ማድ ቤቱ እያዩ፣ በሹክሹክታ) ቀስ በል፣ በሩ ክፍት ነው! (ጮክ ብለው) አክስትህ ክላሲክ ናት! ሰማህ? ክላሲክ!

ማሙሽ፦ ገባኝ። አርጅቶ የሚፈራ ነገር ክላሲክ ይባላል።

ጋሼ፦ የሚከበር! የሚከበር በል! ወይ አንተ ልጅ፣ እንዴት ነው የምድርህ? ዛሬ እኮ ቀላል ቀን አይደለም። በአራት ሰዓት የልጅቷ አባት ፊት ትቀርባለህ። እሺ ካሉህ ታገባታለህ። እምቢ ካሉህ ደግሞ እናትህ እኔ ላይ ነው የምትጮኸው።

ማሙሽ፦ እምቢ ካሉኝ እኔ አልቆልኛል ጋሼ። ከእሷ ሌላ አልፈልግም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጋሼ፦ አይዞህ! እዚህ ያለሁት ለምን ሆነና? ጉንጭህን የሕፃን ጉንጭ አስመስዬ ነው የምልክህ። ቀና በል። (ምላጩን ወደ ጉንጩ ያስጠጋሉ፤ ማሙሽ ትንፋሹን ይይዛል፤ ጋሼ መልሰው ያነሱታል) ቆይ ግን፤ መጀመሪያ በምን እንደምትላጭ ማወቅ አለብህ።

ማሙሽ፦ ይንገሩኝ ጋሼ።

ጋሼ፦ ጀርባውን አየኸው? ወፍራም ነው። ጎንና ጎኑ ደግሞ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሏል። ስለቱ ጋ ስትደርስ ከወረቀት ይቀጥናል።

ማሙሽ፦ (ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ) ጀርባው ወፍራም... ጎኑ ሰርጎድ ያለ...

ጋሼ፦ ምን ታነበንባለህ? ጸሎት ነው?

ማሙሽ፦ አይ፣ እየያዝኩት ነው። ጀርባው ለምን ወፈረ?

ጋሼ፦ ድንጋይ ላይ ስትስለው ጀርባውም ስለቱም እኩል ያርፋሉ። ጀርባው ስለቱን እንዳይጋደል ደግፎ ይይዘዋል። ማንም ሳያስተምረው ልኩን ያውቃል!

ማሙሽ፦ እንደገና ይበሉልኝ?

ጋሼ፦ አንተማ ጭንቅላትህ ድንጋይ ነው! ጀርባው ስለቱን ደግፎ ይይዘዋል!

ማሙሽ፦ ደግፎ ይይዘዋል... እሺ። ከዚያስ?

ጋሼ፦ ከዚያማ፣ የሚጣል ነገር የለውም። የዛሬውን ምላጭ ሁለቴ ተላጭተህበት ትወረውረዋለህ። ይኼን ግን በሳልከው ቁጥር ይበልጥ እጅህን ይለምዳል። ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ እጀታው ውስጥ ገብቶ ይከደናል።

ማሙሽ፦ ሥራው ሳያልቅ ወሬ አይጀምርም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ልክ ብለሃል! አሁን መግባት ጀመረህ።

ማሙሽ፦ ጋሼ፣ አረፋው ደረቀ።

ጋሼ፦ (በብሩሽ እንደገና እየቀቡት) ይድረቅ፣ ሳሙና ሞልቷል። አሁን የመጨረሻው ማሳመሪያ ቀረ፤ እሱ በቆዳ ነው። ቀበቶህን ፍታ።

ማሙሽ፦ ሱሪው ሰፊ ነው እኮ።

ጋሼ፦ ተቀምጠህ የለም እንዴ? የት ይሄዳል? (ቀበቶውን የበር እጀታ ላይ አስረው፣ ወጥረው፣ ምላጩን እያመላለሱ) አየህ? በጀርባው ነው የምትመራው። ወዲያ ስትል በጀርባው፣ ወዲህ ስትል በጀርባው። ተሳስተህ በስለቱ ከመራህ ግን... (ቀበቶው ለሁለት ይበጠሳል)... ግን እንዲህ ይሆናል።

ማሙሽ፦ ቆረጡት?

ጋሼ፦ ስለቱን አየህልኝ? ሳልጫነው እኮ ነው!

ማሙሽ፦ ቀበቶዬን ነው እኮ ጋሼ።

ጋሼ፦ ቀበቶ ይገዛል! ክላሲክ ግን አይገዛም!

ማሙሽ፦ ይኼን ባለፈው ሳምንት አይደል እንዴ የገዙት?

ጋሼ፦ እሱ... እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀና በል። (ምላጩን አንገቱ ላይ ሊያሳርፉ ይጠጋሉ፤ የሚጀምሩበትን ቦታ ይፈልጋሉ፤ ማሙሽ ዓይኑን እንኳን አያርገበግብም)

ማሙሽ፦ ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ ነው የሚላጩት?

ጋሼ፦ (በእፎይታ ምላጩን አንስተው) እኔ? እኔማ በኤሌክትሪክ ማሽን።

ማሙሽ፦ ለምን?

ጋሼ፦ ክላሲክ ነገር በየቀኑ አይነካማ!

ማሙሽ፦ ታዲያ ማንን ላጭተውበት ያውቃሉ?

ጋሼ፦ ፊኛ። ሙያው የሚጀመረው እንደዚያ ነው። ፊኛውን ትነፋለህ፣ አረፋ ትቀባለህ፣ ቀስ ብለህ ትላጫለህ።

ማሙሽ፦ ፊኛው ምን ሆነ?

ጋሼ፦ ፊኛው... ጥራት አልነበረውም።

ማሙሽ፦ እሺ።

ጋሼ፦ ፊኛ ሌላ፣ ሰው ሌላ! ይልቅ ንገረኝ፣ እኚህ ሰውዬ ከባድ ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው?

ማሙሽ፦ ከእኔ በፊት አንዱን መልሰዋል። ወንበር ላይ አስቀምጠው ደህና አድርገው ካዩት በኋላ።

ጋሼ፦ ይኸው! ጢሙን አንጨፍርሮ ሄዶ ነዋ!

ማሙሽ፦ ኧረ ጥርት አድርጎ ተላጭቶ ነው የሄደው።

ጋሼ፦ በማሽን ይሆናላ! የማሽን ጉንጭ ያስታውቃል! (አረፋውን እየነኩ) ኤዲያ፣ ይኼ ደግሞ ደረቀ። ብሩሹን አቀብለኝ፤ እስከዚያ ስለ እጀታው ልንገርህ። እጀታው...

ማሙሽ፦ (የግድግዳውን ሰዓት አይቶ፣ ፊቱን በፎጣው ይጠርግና በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ይነሳል፤ ጢሙ እንዳለ አለ) በቃኝ ጋሼ፤ ሰዓቱ ደረሰ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋሼ፦ ምን ሆነሃል? በዚህ ጢም? ቤተሰቡን ልታሰድብ ነው?

ማሙሽ፦ ጢምህን ይዘህ ና ብለውኛል።

ጋሼ፦ ማን?

ማሙሽ፦ አባቷ። ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ልጃቸውን የሚጠይቅ ሰው እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በዚህ ዓይነት ምላጭ በገዛ እጃቸው ይላጩታል። ሰው የሚታወቀው እዚያ ነው ይላሉ። ያኛው ተላጭቶ ቢመጣ፣ «ጉሮሮህን ለሌላ ሰው ሰጥተህ ልጄን እኔን ትጠይቃለህ?» ብለው አባረሩት።

ጋሼ፦ (ወንበሩ ላይ ዝርግፍ ይላሉ) ታዲያ ልላጭህ ስል ለምን ዝም ብለህ ተቀመጥክ?

ማሙሽ፦ ምላጭ ሲጠጋኝ ያንዘፈዝፈኛል። እሳቸው ፊት እንዳልንቀጠቀጥ ትንሽ ልለማመድ ብዬ ነው። ደግሞ እየላጩ ያወራሉ አሉ፤ ይኼን ምላጭ ክላሲክ ያደረገው ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሌላ ሰው ብጠይቅ በሁለት ቃል ይመልስልኛል፤ እርስዎ ግን ከጀርባው እስከ እጀታው ዘረዘሩልኝ።

ጋሼ፦ (ቀበቶአቸውን ፈትተው እየሰጡት) እንካ፣ ሱሪህ ሳይወርድ። እና ምን ልትላቸው ነው?

ማሙሽ፦ ጀርባው ስለቱን ደግፎ ይይዘዋል እላለሁ። የሚጣል ነገር የለውም እላለሁ። ከራሴ ደግሞ አንድ እጨምራለሁ። በማሽን ሰው ለብቻው ይላጫል፤ በዚህ ግን አንገቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። የማታምነው ሰው ፊት ደግሞ አንገትህን ቀና አታደርግም። ክላሲክ ያደረገው እሱ ይመስለኛል።

ጋሼ፦ (ሱሪያቸውን እንደያዙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ) ማሙሽዬ! ጢምህን አንዴ ላጨት ባደርገው እኮ ልጅቷ አምልጣህ ነበር። ይኼን እያወቅክ አንገትህን ሰጠኸኝ! ለካ ይኼን ያህል ታምነኛለህ?

ማሙሽ፦ በጣም እንጂ ጋሼ። እንደማይጀምሩ አምኜ ነው የመጣሁት።