ኖርዌይ የዘረፈችን አንቺሆዬ

ፈረንጅ አንድ ነገር በሠራ ቁጥር «ከእኛ ሰርቆ ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያው ጋሽ ታደለን አታውቋቸውም። ባለፈው እሑድ እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ ፖይንት ኩክ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ጠርተውን፣ አንድ የኖርዌይ ሮክ ባንድ አዲስ የሙዚቃ መንገድ የሞከረበትን አልበም ከፈቱልን። ጊታሩ ገና መጮህ ሲጀምር ከሶፋው ብድግ አሉ።

«አንቺሆዬ! የሠርግ ዜማችንን ዘረፉን! ኤምባሲው ምን እየሠራ ነው?»

እኔ የሰማሁት ከበሮ ብቻ ነው። ምን ላድርግ፣ ምሳቸውን በልቻለሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ኖርዌይ በሌለችበት ተፈረደባት።

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ግን አላስቻላቸውም። «በልጃችን ሠርግ ማሲንቆ ተጫዋቹ አንቺሆዬ ሲጀምር፣ ‹ይሄን ጩኸት አስቁሙልኝ፣ ፈረንጆቹ ምን ይሉናል?› ያልከው አንተ አይደለህም?»

ጋሽ ታደለ የኖርዌዮቹን ድምፅ ጨመሩት።