ጣሪያ ላይ የቀረችው ጥርስ

የስድስት ዓመት ልጅ አልፈራም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ እርግጠኛ ሁኑ፣ ሃያ ሁለቱን በአንድ ክፍል ብቻውን ገጥሟቸው አያውቅም! እኔ ገጥሜያለሁ። ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ ጢም ያወጡ ጎረምሶችን ቀጥ አድርጌ ይዤ... ባሕር ማዶ ተሻግሬ አርሊንግተን ከተማ ላይ አንድ ፍሬ ልጆች ድምጥማጤን አጠፉት።

እዚያው አቅራቢያ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት ካርቶን ሳነሳ ከረምኩና ወደ ሙያዬ ልመለስ ብዬ ሰብስቲትዩት ሆኜ ተመዘገብኩ፤ ማለቴ፣ መደበኛዋ አስተማሪ በቀረች ቀን የሚጠራ ምትክ። የመጀመሪያ ቀኔ አንደኛ ክፍል ደረሰኝ። ሱፌን ለበስኩ፣ ክራባቴን አሰርኩ፣ ስሜን ቦርዱ ላይ ጻፍኩ።

«ሚስተር ሲድ! እንደ ተክል ዘር?» አለች አንዷ።

«ሲድ አይደለም፣ ሰይድ!»

«ውሃ እናጠጣህ?»

እስከ ምሳ ድረስ ሚስተር ዘር ሆኜ ቆየሁ።

ከምሳ በኋላ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ፣ ሜሰን የሚባል ቀጭን ልጅ አፉን ይዞ እየሮጠ መጣ። መዳፉን ሲከፍት... ጥርስ! ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ጥርሱ ለወለቀ ልጅ ሁሉ ኮከብ የሚለጠፍበት ወረቀት አለ። ኮከብ የሌለው እሱ ብቻ ነበር። ደስታው ተጋባብኝ። ልጅነቴም ትዝ አለኝና፣ «ና፣ እኛ አገር እንዴት እንደሚደረግ ላሳይህ!» ብዬ ጥርሷን ከመዳፉ ላይ አንስቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ወረወርኳት። ውርወራው እንዴት ያለ መሰላችሁ! የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እኮ!

ዘወር ስል ሜሰን አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ከዚያ ድምፁ መጣ። የለቅሶውን ነገር ተዉት... ሌላ ከተማ፣ ዴንተን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሐያት የምትባል፣ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች የሆኑ ተማሪ እጄን ሳብ አደረገችኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ቢግ ትራብል ውስጥ ነህ።»

«ምን አደረግኩ?»

«ቱዝ ፌሪ! እሷ ክንፍ አላት። ማታ ትመጣለች፣ ጥርስ ትራስ ስር ታያለች፣ ትወስዳለች፣ ስጦታ ትሰጣለች። አሁን ጥርስ የለም። ሶ... አትመጣም።»

«ክንፍ ካላት ከጣሪያው ላይ አትወስድም?»

ሐያት አሰብ አደረገች። «አድራሻ አታውቅም።»

ርእሰ መምህሯ መጡ። ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ክራባቴን አዩ። መሰላል ብጠይቅ፣ ያለ ፈቃድ ማንም ጣሪያ ላይ አይወጣም አሉኝ። ሜሰን እየተንሰቀሰቀ፣ «ዓመቱን ሙሉ ጠብቄ እኮ ነው!» አለኝ። ካርቶን ቢቀደድ ሌላ ይመጣል፤ የሰው የመጀመሪያ ጥርስ ግን ከየት ይመጣል?

ተንበርክኬ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ። አድራሻውን እኛ እንጽፍላታለን» አልኩት።

ሒሳቡን ትተን ደብዳቤ ጀመርን። እኔ መቼም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱኑ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት።

«ለቱዝ ፌሪ፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ጣሪያ ላይ ስለሚገኝ ጥርስ። የተማሪ ሜሰን ጥርስ በአስተማሪው ስህተት ጣሪያ ላይ የምትገኝ መሆኑን እያረጋገጥን፣ ተገቢው ትብብር እንዲደረግለት በትህትና እንጠይቃለን።»

ሃያ ሁለቱም ፈረሙ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤማ የት ይደርሳል? ከመሳቢያው ለጎበዝ ተማሪ የሚመታ የኤሊ ማኅተም አገኘሁና ጠቅ አደረግኩበት። ሜሰን ኤሊዋን ሲያይ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«አሁን ትመጣለች» አለና ማታ ትራሱ ስር ሊያደርገው ደብዳቤውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

እኔ ግን ሁለተኛ እንደማይጠሩኝ አምኜ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ያው ትምህርት ቤት! መደበኛዋ አስተማሪ ከሕመሟ ገና አልተሻላትም።

ሜሰን በሩ ላይ ድዱን እያሳየ ጠበቀኝ። «መጣች! ለአንተም ደብዳቤ ትታለች!»

የፌሪዋ የእጅ ጽሑፍ የአንዲት የደከማት እናት ጽሑፍ ይመስላል። ከፈትኩት። «ውድ ሚስተር ሰይድ፣ ጥርሷን አግኝቻለሁ። ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዎ ነው» ይላል።

ከሥሩ ለእኔ ፊርማ ቦታ ተትቷል። ሃያ ሁለቱ ከበቡኝ፤ ሐያት እርሳስ አቀበለችኝ። ምን አማራጭ አለኝ... አንብቤና ተረድቼ ፈረምኩ!