የቤዛ መኪና ብሎኖች

የባሌ እህት ዘውዴ፣ የበኩር ልጇ ሠርግ ማግስት፣ ዳስ ሙሉ ሰው ፊት «የወርቅ ሀብሌን መልሺ» ብላኛለች።

እኔን!

ሀብሉ ብዙም ሳይቆይ ከራሷ ሳጥን፣ ከራሷ ነጠላ እጥፋት ውስጥ ወጣ። ታዲያ ምን ያለች ይመስላችኋል? «ተገኘ» አለች። አለቀ። ይቅርታ የለ፣ ሽማግሌ መላክ የለ፣ ስኳር እንኳ ይዞ በሬን ማንኳኳት የለ። «ተገኘ»!

ከዚያ ቀን ወዲህ «እትዬ» ማለት ትቻለሁ። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ አስተናግዳታለሁ፣ ሳህኗን እሞላለሁ። «እትዬ» ግን የለም። ባሌ ሞተ፣ ልጆቼ ወለዱ፣ ቆቦ በባጃጅ ተሞላች፣ ያቺ «ተገኘ» ግን ሆዴ ውስጥ እንዳለች አለች።

ይህን ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም። የዛሬውን ስትሰሙ በማን ላይ እንደምትፈርዱ አስቀድማችሁ እንድታውቁ ብዬ ነው። ሼር እንዳታደርጉ ደግሞ! እሷ ፌስቡክ የላትም፣ የልጅ ልጆቿ ግን አላቸው።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

አረብ ሀገር ያለችው ልጄ ለቤዛ የገና ስጦታ ላከች። ቤዛ የልጄ የሞላ ልጅ ናት፣ አራት ዓመቷ ነው። ስጦታው መኪና ነው፤ ልጅ ተቀምጦበት በእግሩ እየገፋ የሚሄድ፣ ቀይ፣ መሪና ጡሩምባ ያለው። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ ሲያምር! ፎቶው ላይ መኪናው ተገጥሟል።

ካርቶኑ ውስጥ ግን አልተገጠመም።

የዛሬ ሳምንት ሲደርሰኝ፣ የጎደለ ነገር እንዳይኖር ብዬ ብቻዬን ከፍቼ አየሁት። ገላው ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ መሪው ለብቻ። ከታች አንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት፣ ብሎን የሞላባት። ያለ እሷ ያ ሁሉ ቀይ ነገር መኪና አይደለም፣ የላስቲክ ሳፋ ነው። ታዲያ ልጅ በሚርመሰመስበት፣ ዘውዴ በምትገባ በምትወጣበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሜዳ ላይ ይጣላል?

የራያ ሴት ውድ ነገሯን የት እንደምታስቀምጥ አልነግራችሁም።

እሺ ልንገራችሁ። ጎታ ውስጥ!

የዘንድሮ ማሽላ ገና መግባቱ ስለሆነ ጎታው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከረጢቷን እስከ ክርኔ ድረስ ቀበርኳት፣ ማሽላውን ደልደል አድርጌ ከደንኩ። የጆሮ ጌጤም የሚኖረው እዚያው ነው። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ አንድም ነገር ጠፍቶባት አያውቅም። እሷ የባል እህት ስላልነበራት ይሆን?

ዛሬ ጠዋት ቤቱ ሞላ። ዘውዴ ከሁሉ የሚመቸውን ወንበር ይዛለች። ጎረቤቴ ከዲጃ «እንኳን አደረሳችሁ» ልትለን ልጆቿን አስከትላ መጥታ ለስላሳ ይዛለች። ሞላ መሬት ላይ ተቀምጦ ካርቶኑን መፍታት ጀመረ።

መፍታት ካላችሁት!

ሞላ ሮቢት ከተማ የሒሳብ መምህር ነው፣ የፈተና ጥያቄ አያቅተውም። ይሄ ግን አቃተው። ስኮች በስኮች ላይ ተጠቅልሏል። እያንዳንዱ ጎማ በሽቦ ተጠፍሯል። መሪው አንገቱ በላስቲክ ማሰሪያ እንደ ወንበዴ ታንቋል። መቀስ፣ እምቢ። ቢላዋ፣ የበዓል ሥጋ አደንዝዞታል፣ እምቢ። በመጨረሻ ማጭድ አስመጣ።

የልጅ መጫወቻ በማጭድ!

«እማ» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «ይሄን ያሰሩት ልጅ እንዳይፈታው ነው ወይስ አባት?»

ነጩ ፎም ተፈርፍሮ ቄጤማው ላይ ተበተነ፣ ወጡ ላይም አረፈ። ከዲጃ ወደ ላይ አየችና «ማሻ አላህ! ቆቦም በረዶ ጣለባት!» አለች። ሞላ የመግጠሚያውን ወረቀት ገለጠ፣ ገለበጠ፣ አዘቀዘቀ። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። ሥዕሉን እይ አልኩት። «ሥዕሉም ቻይንኛ ነው» አለኝ።

ቤዛ «አባ፣ አለቀ?» እያለች ስትጠይቅ ሰለቻት፣ ጎማ የሌለው መኪና ላይ ቁጭ ብላ መንዳት ጀመረች። «ፒፕ! ሮቢት ወራጅ አለ? ፒፕ! ጎብዬ!»

ልጅቷ ያለ ጎማ ጎብዬ ደረሰች። እኛ ገና ከካርቶኑ አልወጣንም።

ሞላ ካቻቪቴውን አነሳና «እማ፣ ብሎኖቹስ?» አለ።

ይህቺን ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቃት ነበር። «ያሉበት አሉ!» ብዬ ኮራ ብዬ ተነሳሁ። ጓዳ ገባሁ። እጄን ጎታው ውስጥ ሰደድኩ። እስከ ክርኔ፣ ማሽላ። እስከ ብብቴ፣ ማሽላ። የጆሮ ጌጤን አገኘሁት።

ከረጢቷ የለችም።

አሁን እናንተው ፍረዱ። በዚህ ሳምንት ጓዳዬ በር የደረሰ ሰው አንድ ብቻ ነው። መሬቱ የአባቷ ስለሆነ ከየዓመቱ ማሽላ ለዘውዴ ድርሻዋን እንሰፍራለን፣ የቤታችን ደንብ ነው። መጥታ፣ ቆማ፣ አሰፍራ፣ ጆንያዋን ይዛ ሄዳለች። ሌላ ማን አለ?

ደሜ ፈላ። እስከ ትከሻዬ አቧራ እንደለበስኩ ወጣሁና ቤት ሙሉ ሰው ፊት «ዘውዴ! የልጅቷን ብሎን መልሺ!» አልኳት።

ቤዛ እንኳ ጡሩምባዋን አቆመች።

አዎ፣ ገብቷችኋል። ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ «መልሺ»። እኔ ግን ያኔ አልገባኝም። ያኔ የታየኝ ፍትሕ ብቻ ነበር!

ዘውዴ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ምን ውስጥ ነበር ያልሽው?»

«ጎታ ውስጥ!»

«ብሎን? ከማሽላ ጋር? ልትዘሪው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዲጃ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

ዘውዴ «ከጎታሽ ወጥቶ ቤቴ የገባ ያ ጆንያ ብቻ ነው» አለችና ወጣች። ተቀይማ መሄዷ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። ዘውዴ ጆንያውን አስወርዳ መሀል ግቢ አስቀመጠችው፣ ሸራም አስነጠፈች።

ጆንያው አልተከፈተም። በምን አወቅሽ በሉኝ። ኋላ «ጎድሎብኛል» እንዳትለኝ ብዬ አፉን በቀይ ሲባጎ የሰፋሁት እኔ ነኛ! እንደኔ የሚቋጥር ሰው በቆቦ የለም። ለእሷ ያበጀሁት መጠበቂያ በእኔው ላይ መሰከረ።

«ይሄ ስፌት የማን ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው።»

«ነክቼዋለሁ?»

«አልነካሽውም።»

«ሞላ፣ በጥሰው ልጄ።»

ማጭዱ ሁለተኛ ሥራ አገኘ። ማሽላው ሸራው ላይ ተንዠቀዠቀ። መጨረሻ ላይ፣ ከጆንያው ቂጥ፣ ከረጢቷ ጠብ አለች። «ስስታም» እንዳልባል ብዬ በትልቁ ጣሳ፣ ዝቅ አድርጌ የዛቅሁት የመጀመሪያው መስፈሪያ! እኔው ቀብሬ፣ እኔው ዝቄ፣ እኔው ሰፍቼ፣ እኔው ሰጥቻታለሁ!

ዘውዴ አነሳቻት፣ አቧራዋን እፍ አለችና ሰጠችኝ። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ማለት ያለብኝን አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን ከእሷ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው፣ እንዴት አላውቀውም? አፌን ከፈትኩ።

«ተገኘ» አልኩ።

ተገኘ! እኔ! በገዛ አፌ!

ዘውዴ አየችኝ። የሀብሉን ነገር ድሮ ረስታዋለች ብዬ ነበር የምንገበገበው። አልረሳችውም። «ያን ጊዜም እኮ ሌላ ቃል እምቢ ብሎኝ ነው» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ቀጥላ ግን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «የእኔ ግን ወርቅ ነበር! ያንቺ ብሎን ነው!»

እናንተዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያሳደግኩትን ቂም አሁን የት ላድርሰው? ኮመንት ላይ ምከሩኝ። ከዲጃ «አብሽሪ፣ ሌላ ይመጣል» ብላኛለች።

መኪናውን ገጠምነው። ሞላ ቻይንኛውን ሥዕል ያያል፣ ዘውዴ ጎማ ትይዛለች፣ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። አንዱ ጎማ ተንሸራተተ። «እትዬ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው» አልኩ። እንዲሁ ከአፌ ወጣ። እሷም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ቤዛ እየነዳች ወደ በር ወጣች። አንድ ብሎን ተረፈ። ሞላ የት እንደሚገባ አላወቀውም።

ጎታ ውስጥ ከተትኩት።