ብጉር በአርባ አራት ዓመቴ

በሰው ብጉር የሚስቅ ሰው ቤቱ መስታወት የለውም ማለት ነው። እኔ ግን ነበረኝ፤ የጎደለኝ ልብ ነበር።

ነገሩ የሆነው አሶሳ ነው፤ ክልሉ ገና ክልል መሆኑ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስሄድ ቢሮአችን ውስጥ ከወንበሩ ይልቅ ባለሙያው ይበዛ ነበር። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፤ የዘገየ ቆሞ ያቅዳል። እኔ እንግዲህ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴን አስካለንና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃችንን ሰናይትን ይዤ ነበር የሄድኩት።

ዓመት ሳይሞላን የሰናይትን ግንባርና ጉንጭ ብጉር ወረሰው። አባት ነኝና ማጽናናት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ስም አወጣሁላት፤ “በርበሬ ማሳዬ”። እንግዳ ሲመጣ “ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?” እያልኩ ቤቱን አስቃለሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ? መጀመሪያ እሷም ትስቅ ነበር። ቆይታ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መግባት፣ ቀጥላም በዚያ ሙቀት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። አስካለ ተው ብትለኝ “የዕድሜ ነው፣ ያልፋል” አልኳት።

ያ የዕድሜ ነው ያልኩት ነገር በአርባ አራት ዓመቴ በእኔው አገጭ ላይ ወጣ።

አንድ ሲሆን ቢምቢ ነው አልኩ። ሦስት ሲሆኑ ቢምቢዋ ቤተሰብ አላት ማለት ነው አልኩ። በሳምንቱ አፍንጫዬ ደረሱ። ያኔ እንኳ ብተዋቸው ደህና ነበር… ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝና በጥፍሬ አፈረጥኳቸው። ያበጠውን ደግሞ ያጠራልኝ መስሎኝ ሎሚ ቀባሁት። ሎሚውን ሳልታጠብ በቀትር ፀሐይ ከቤት እስከ ቢሮ በእግሬ ሄድኩ። የአሶሳን ፀሐይ የምታውቁ የቀረውን ገምታችሁታል፤ ስደርስ ፊቴ ይነድ ነበር።

የዚያን ቀን ከየወረዳው ለተጠሩ ሰዎች ዕቅድ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ከቡለን የመጡ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ትተው አገጬን ያነቡ ጀመር። ኦስማን የሚባል የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የአሶሳ ልጅ ነው፣ እቤቱ የሚናገረው በርታኛ ነው። ጠጋ ብሎ “ወንድሜ፣ ንብ ነው?” አለኝ በሹክሹክታ። ንብ ነው አልኩት። እሱ ደግ ሰው ነውና ለሰብሳቢው ነገረልኝ፤ አዳራሹ በሙሉ አዘነልኝ። ከኋላ አንዱ ግን አገጭ እየመረጠ የሚነድፍ ይህ ምን ዓይነት ንብ ነው ብሎ ጠየቀና ሳቁ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰናይት መጀመሪያ ላይ እንዴት ትስቅ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከቢሮ ቀረሁ። አስካለ ገበያ ሄዳለች። ሳሎን ብወጣ ሰናይት ተቀምጣለች፤ እሷም ራሷን አሟት ነው የቀረችው። ሁለት ጤነኛ በሽተኞች ተፋጠጥን። ፊቴ ጠቁሮ ተላልጧል። የምታወጣልኝን ስም እየጠበቅሁ አቀረቀርኩ። እሷ ግን ተነሥታ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ሰጠችኝ።

“ስንት ቀን ሆነሽ ከቀረሽ?” አልኳት።

“ከሰኞ ጀምሮ” አለችኝ። “አባዬ፣ ልጆቹ የሚጠሩኝ አንተ ባወጣህልኝ ስም ነው።”

እንግዳ ፊት የቀለድኩት ቀልድ ከእንግዳው ልጅ ጋር ትምህርት ቤት ገብቶ ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኋት። ለሠላሳ ሰው ዕቅድ የሚያቀርበው ድምፄ ለአንድ ልጅ አልበቃ አለ።

ያንኑ ዕለት ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ በሠፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት። ብጉር የቆሻሻ ምልክት እንዳልሆነ፣ የቆዳ ቀዳዳ በራሱ ቅባት ሲደፈን እንደሚመጣ ነገረችን። ፊታችንን በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና እንድንታጠብ፣ እንዳንፈትግ፣ እንዳናፈርጥ፣ የጸጉር ቅባትም ወደ ፊታችን እንዳናስጠጋ አዘዘች። የሰጠችንንም መድኃኒት ለውጥ አላየንም ብለን በሳምንቱ እንዳንጥለው፣ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል አስጠነቀቀችን። ስለ ሎሚው ስነግራት ሎሚ ለሰላጣ ነው አለች። በዚህ ዕድሜ ብጉር ይወጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

“ብጉር መታወቂያ አያይም፣ ጋሼ” አለችኝ።

በቀጣዩ ሰኞ ሰናይት ያለ ነጠላ ወጣች። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት። ልጆቹ የእኔን ፊት ሲያዩ የእሷን ረሱት። በአባትነት ዘመኔ ከሠራኋቸው ደግ ሥራዎች ያ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁለት ወር በኋላ የእሷ ፊት ጠራ። የእኔ ገና በሂደት ላይ ነበር። አንድ እሁድ ከደብረ ማርቆስ አንድ የድሮ ወዳጄ መጣና ሰናይትን እንዴት አምሮብሻል ብሎ ከሳማት በኋላ፣ ወደ እኔ ዞሮ ፊቴ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የምዋሸውን ስፈልግ ልጄ ቀደመችኝ።

“አባዬ ገና እያደገ ነው” አለችው።