የባሕር ከሰል

"ሥራህ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ሲገጥማችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ። ሥራው በአንድ ቃል የሚነገርለት ሰው የታደለ ነው። ገበሬ፣ ገበሬ ነው። ቄስም ቄስ ነው። ነጋዴ እንኳ ዝም ቢል ዕቃው ይናገርለታል። የእኔ ቢጤው ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ያላሰበው ሹመት ላይ ይወጣል። እኔው ራሴ እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ ሁለት ዓመት ሙሉ በማላውቀው ወንበር ላይ ተሹሜ ኖሬአለሁ። ደመወዝ የሌለው፣ ግን የሚፈራ ሹመት!

እውነተኛው ሥራዬ ይኼ ነው። በየአገሩ ባሕር ዳር የተቀመጡ ተመራማሪዎች አሉ፤ ባሕር ከአየሩ ምን ያህል ካርቦን እንደሚጠጣ፣ ጠጥቶም ውሃው ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ ይለካሉ። አንዱ በአንድ ዘዴ፣ ሌላው በሌላ ከለካ ልኬቱ አይገጥምምና የሚያገጣጥማቸው ሰው ያስፈልጋል። እሱ እኔ ነኝ፤ አስተባባሪ። ስብሰባ እጠራለሁ፣ የዘገየውን እጎተጉታለሁ፣ "የጠርሙሱ ቁጥር ጎድሏል" እያልኩ እጽፋለሁ። የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ፤ ለዚህ ሥራ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት እንጂ ባሕር አያስፈልግም። ባሕር በዐይኔ አይቼ አላውቅም። እነሱም እኔን አይተውኝ አያውቁም፤ ኔትወርኩ ምስል አይችልማ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእኔ ብቻ ተለይቶ የተነገረኝ ነገር ቢኖር "ድምፅህ ይቆራረጣል" የሚል ነው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቤት ስከራይ አከራዬ እትዬ የዝና ሥራዬን ጠየቁኝ። "የባሕር ካርቦን ጥናት አስተባብራለሁ" አልኳቸው። "ካርቦን ደግሞ ምንድን ነው?" ሲሉኝ መምህርነቴ ተነሣብኝና "እንግዲህ ከሰል በሉት" አልኩ። በቃ! በጋይንት ምድር "ባሕር" ያለ ሰው "ዛፍ" ባይል እንኳ ሰሚው ይጨምርለታል። ሌላ ምን ባሕር አለንና? በዚያ ላይ "ጥናት" ብያለሁ። ለጥናት ነው የመጣሁት ያለ ሰው ወይ ለክቶ ይሄዳል፣ ወይ ከልክሎ ይሄዳል። በማግስቱ ለሰፈሩ የባሕር ዛፍ ከሰል የሚያከስለውን ሁሉ መዝጋቢ ሆኜ ተገኘሁ።

ይባስ ብሎ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ስልኬንና ማስታወሻዬን ይዤ ሽቅብ እያየሁ እቆማለሁ። ከፊት ለፊቴ አያ ሙላት የሚባል ጎረቤት ከሰሉን ያከስላል። እኔ ስልኬ ላይ የኔትወርኩን መስመር ስቆጥር፣ እሱ ዛፉን የምቆጥር መስሎት ኖሯል። አንድ ቀን ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኬን ወደ ከሰሉ ጉድጓድ ብዘረጋ፣ ፎቶ ተነሣሁ ብሎ እሳቱን አጠፋ፤ ዳግመኛም አላቀጣጠለም።

ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅሁም። የማውቀው ብቸኝነቴን ነበር። አባቴ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አንቱ ይሉኛል፣ መንገድ ይለቁልኛል። የሰፈሩን የሚካኤል ማኅበር ልግባ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሁለት ጊዜም "ሞልቷል" ተባልኩ። በበዓል ቀን የጎረቤት ጨዋታ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ምሳዬን ወደ ግድግዳው ተጠግቼ የበላሁበት ቀን አለ። ሰው ራበኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ግንቦት ሊወጣ ሲል አንድ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ከፊት የሰፈሩ የነፍስ አባት አባ ፈንቴ ነበሩ።

"ግቡ፣ በሞቴ ተቀመጡ!" አልኩ፤ የማደርገው ጠፍቶኝ።

"ለአማላጅነት ነው የመጣን፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አሉ አባ ፈንቴ፣ ሦስቱም ገብተው እንደቆሙ። "ሙላትን ይማሩልን። የልጆች አባት ነው። ከመዝገቡ ያውጡልን።"

ምን መዝገብ? ቀስ በቀስ፣ ከአነጋገራቸው ገባኝ። ሳቄ መጣ። ልለቀው ስል ዙሪያዬን አየሁ፤ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሰው ቆሟል፤ ያውም ሦስት! እውነቱን ብነግራቸው መርቀውኝ ይወጣሉ። እኔ ደግሞ በሙያዬ ጠንቅቄ የማውቀው ነገር አንድ ነው፤ ስብሰባ ሳይበተን የሚቀጥለውን ቀጠሮ መያዝ።

"እስቲ ላስብበት፤ ቅዳሜ ተመለሱ" አልኩ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰኞ አናጺ ጠርቼ አግዳሚ ወንበር አሠራሁ። ቅዳሜ ዳቦና ጠላ አቀረብኩ። አባ ፈንቴ የቆሎ ተማሪ ሳሉ እስቴ ውስጥ ውሻ የነከሳቸውን እግር ገልጠው አሳዩኝ፤ ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ። የሙላት ነገር ሲነሣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ "ከበላይ መልስ እየጠበቅሁ ነው" አልኩ። ሰው ሹመት ለመልመድ እንዴት ፈጣን ነው!

በሦስተኛው ቅዳሜ አባ ፈንቴ ዳቦውን አልቆረሱም። "ሙላት ሊሄድ ነው" አሉ። "የቆረጠውን እንጨት ዝናብ እየመታው ነው። ለሰሊጥ አረም መተማ ልወርድ ነው ይላል። ሚስቱ አራስ ናት፤ ማንን ይዛ ትቀመጥ?"

የያዝኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩ። ሰው አገኝ ብዬ፣ አንዲት አራስ ሰው ላሳጣት ነው!

"አባ፣ ይፍቱኝ" ብዬ ተነሣሁ። "መዝጋቢ አይደለሁም። የእኔ ባሕር ዛፍ የለውም፤ ሩቅ ያለው የጨው ባሕር ነው። እናንተን የሚነካ ነገር የለውም።" ለምን እስከዛሬ እንዳልተናገርኩም ነገርኳቸው። "ሰው ናፍቆኝ ነው" አልኩ።

ከዚያ አባ ፈንቴ ቀና ብለው አዩኝ። "ባሕሩን አይተውታል?"

"አላየሁም።"

"የሚያሠሩዎትስ፣ አይተውዎታል?"

"አላዩኝም።"

"አይ አንተ ልጅ!" አሉ።

አንተ ልጅ አሉኝ! የሁለት ዓመት አንቱታ በአንድ አፍ ከላዬ ወረደ። ሳቁብኝ፣ ፈቱኝ፣ መረቁኝ፤ ለሙላት ሊነግሩ እየተጣደፉ ወጡ። ሙላትም መተማ መውረዱን ተወ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ "እንዴት አደርክ፣ ባሕሩ" ይለኛል፤ ስም ወጥቶልኛል። ማኅበሩ ግን እውነትም ሞልቶ ኖሯል።

ቅዳሜ ደረሰ። ዳቦ ገዛሁ፣ አግዳሚውን ጠረግሁ። ማንም አልመጣም። ለምን ይመጣሉ? ጉዳያቸው አልቋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ በልቼም ቆጨኝ።

ሰኞ ጠዋት ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሜ ስብሰባዬን ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ የአያ ሙላት ጭስ ይወጣል። ሳየው የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። ያ ጭስ እዚህ አይቀርም፤ ከእሱ ጋር የወጣውን ካርቦን ነፋስ ይወስደዋል፣ ከፊሉን ባሕር ይጠጣዋል፣ የእኔ ሰዎችም በጠርሙሳቸው ቀድተው ይለኩታል። "እናንተን የሚነካ ነገር የለውም" ያልኩት ውሸት ነበር። ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም፤ የሙላት ከሰል እኔ መዝገብ ላይ አለ። ይህን ብልክባቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስቱም አግዳሚው ላይ ናቸው።

አልላክሁም። አያ ሙላት ከጉድጓዱ አጠገብ እጁን አነሣልኝ፤ እኔም አነሣሁለት። ከዚያ የየባሕሩን ሰዎች በየስማቸው እየጠራሁ እንዴት ሰነበታችሁ አልኩ።

"ድምፅህ ይቆራረጣል" አለችኝ አንዷ።

"ኔትወርኩ ነው" አልኳት። አራቱም መስመር ሙሉ ነበር።