ጃንዋሪ ዋን የተለቀሙ የድንጋይ ሽበቶች

በዚህ አገር ከሁሉ የሚከበረው ማን ነው ብትሉኝ፣ ሀብታም አልላችሁም። ወረቀቱ የተሟላለት ነው። ካላመናችሁ እኔ የምሠራበት ቤተ ሙከራ ብቅ በሉና የድንጋይ ሽበት ተመልከቱ። አዎ፣ ያንን ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ቋቁቻ የሚለጠፈውን ነው የምላችሁ። ከጃፓን ተራሮች ተፍቆ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ሚኒያፖሊስ ድረስ በክብር መጥቷል። ማን እንደለቀመው፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ ከድንጋዩ በየትኛው ጎን እንደተገኘ ሳይቀር ተጽፎለታል። ሲገባ ተባይ እንዳይኖርበት አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ነዋሪ ነው። እኛ እዚሁ ጎን ብሩክሊን ሴንተር የምንኖር ስደተኞች በየዓመቱ ስድስት ወር በረዶ ውስጥ እንከርማለን፤ እስካሁን ይበቃችኋል ያለን የለም።

የኔ ሥራ ፖስታው ላይ ያለውን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። ወገቤ ታክሲ አላስነዳ ሲለኝ በስንት ልመና ያገኘሁት፣ የሦስት ወር ሙከራ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአንድ የጃፓን ተራራ የተለቀመ፣ አርባ ፖስታ የያዘ አሮጌ ሣጥን ደረሰኝ፤ ዓመቱ አለ፣ ቀንና ወሩ የለም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀን ካልተሞላለት ወይ ፍንክች! እኔ ለዚህ እጨነቃለሁ? ኬንያ ስደተኛ ጣቢያ ሳለን ጸሐፊው መቼ እንደተወለድኩ ጠይቆኝ፣ «በአጨዳ ሰሞን» ስለው ምን አደረገ? ጃንዋሪ ዋን ብሎ ሞላ። ለሚስቴም፣ ለወንድሟም እንደዚሁ። እኔም አርባውንም ጃንዋሪ ዋን አልኳቸውና በጊዜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ አለቃዬ ሊንዳ ጠራችኝ። ፊቷ ቀልቷል።

«በጃንዋሪ እዚያ ተራራ ላይ በረዶው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ማን ወጥቶ ነው በአንድ ቀን አርባ የለቀመው?»

«ቀን አልነበረውም። እኔ ነኝ የሞላሁት» አልኳት። ሥራዬ አለቀለት ብያለሁ።

«የማናውቀውን ቀን መፍጠር አንችልም! ይኼ እኮ ውሸት ነው። ‹አይታወቅም› የሚል ሳጥን አለልህ፣ እሱን ምረጥ።»

እውነትም ኮምፒውተሩ ላይ ከታች በኩል አለ። አርባውንም አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ለደረቀ ቅርፊት ይህን ያህል ጥንቃቄ! አልዋሻችሁም፣ ቀናሁ።

ሊንዳ ደግ ሴት ናት፤ አላባረረችኝም። በሁለት ሳምንቱ የቋሚ ቅጥር ፎርም ይዛልኝ መጣች። የልደት ቀን የሚለው ጋ ስደርስ ጃንዋሪ ዋን ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየች።

«ይኼኛውስ?»

«እሱን እንኳ የሞላው ሌላ ሰው ነው» አልኳት።

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች፣ ገልብጠንም ጀርባውን ሳይቀር አብረን ፈለግን። «አይታወቅም» የሚል ሳጥን የለውም። እሱ ለድንጋይ ሽበት ብቻ ነው።